ሦስት ጉልቻ አይፋ ላይ፦ የቴክኒክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበብ ዘገባ «ክበባችን በመስከረም ወር ዕቅድ አውጥቶ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኛም የደሴው ትምህርት ቤታችን ክበብ አውጥተን ነበር። ዕቅዱ ላይ ፈሳሽ ሳሙና መሥራትና የተበላሹ ምድጃዎችን መጠገን ይላል። ሁለቱም አልተሠሩም። ርእሰ መምህራችን ኋላ ከሚደነግጡ ከወዲሁ ብናገር ይሻላል። ጥቅምት ላይ በኋላ በር አንድ አይፋ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሳሙናን ያነሳ ሰው የለም።

አይፋን የማታውቁ ልጆች ትኖራላችሁ፤ አያቶቻችሁን ጠይቁ። የምሥራቅ ጀርመን የጭነት መኪና ነው። ሙሉ ስሙ አይፋ ደብልዩ 50 ነው። ሉድቪግስፌልደ በምትባል ከተማ ከ1965 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ሲመረት ኖረ። 50 የሚለው ቁጥር ጭነቱን ነው የሚናገረው፤ 50 ኩንታል። «ጀርመንም በኩንታል ያስባል እንዴ?» ብሎ የሳቀ ልጅ ነበረን። አገራችን የገባው በደርግ ጊዜ ነው። የእኛው የወታደር ሥሪት ነው፤ የፊቱም የኋላውም ጎማ ይጎትታል።

ባለቤቱ የአንዲት ተማሪያችን አባት ናቸው። ድሮ በጨረታ ገዝተው እህል ሲያመላልሱበት ቆይተው አቆሙት። ሞተሩ ይነሳል። የጭነት ሳጥኑ፣ ስፖንዳው፣ ግን በስብሶ አልቋል። ልጅቷ ወደ ላሊበላ የሚያልፉ ፈረንጆች ቤት የተጫነበት የጦር መኪና ይዘው አይታለች። አልጋ፣ ማብሰያ፣ የውሃ ታንከር ሁሉ ያለው። «የኛም ለምን አይሆንም?» አለች። የሥነ ሕይወት ክበብ ደግሞ ቦረና ሳይንት ሄዶ የደንቆሮ ጫካን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ማየት ከፈለገ ቆይቷል። ማደሪያ ነው ያጣው። ነገሩ ገጠመ። አባትየው «ከሚዝግ ልጆቹ ይማሩበት፤ ስትጓዙም እኔው እነዳላችኋለሁ» አሉ።

በሩን የከፈቱልን የግቢያችን ጥበቃ አባባ ናቸው። ከፍተው ፈቀቅ አሉ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ከግንቡ ጥግ አልተነሱም። ያኔ ልብ ብዬ አላየሁትም።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ያወቅኩ መስሎኝ ነበር። የቤቱን አጽም ከቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ከሆነ ብረት) መሥራት፣ በኮምፔንሳቶ መሸፈን፣ ሻንሲው (ሁሉን የሚሸከመው የመኪናው የታች ብረት) ላይ አስቀምጦ በቡሎን ማሰር። በቃ። ርዝመቱን 3 ሜትር ከ60፣ ወርዱን 2 ሜትር ከ20 አደረግነው። ልጆቹ በየቅዳሜው ሠፈር ካለ ጋራዥ ብየዳ እየተማሩ እስከ ታኅሣሥ አጽሙን ጨረሱ። በስምንት ቦታ ጥርቅም አድርገን አሰርነው። ጠንካራ ማለት የማይነቃነቅ ማለት ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ኳስ ሜዳው ጥግ የጎርፍ ቦይ አለ፤ ታውቁታላችሁ። አይፋው ቦዩን በሰያፍ እንዲሻገር አደረግን። አራት ልጆች ውስጥ ነበሩ። የፊት ቀኝ ጎማው ሲወጣ የኋላ ግራው ገባ። ቀጭ! የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ በሩ አልከፈት አለ። ብንጎትት፣ ብንገፋ፣ ወይ ፍንክች። የበሩ መቃን አራት ማዕዘንነቱ ቀርቶ ተንጋዷል። ልጆቹን ገና መስታወት ባልገባለት መስኮት አንድ በአንድ አወረድናቸው። አንዷ «ቲቸር፣ ልደቴ ነበር» ብላ ስትስቅ የኔ ጉልበት ይንቀጠቀጥ ነበር። የአንድ ማዕዘን ብየዳ ተሰንጥቋል።

የጋራዡን ባለሙያ ጠራን። ጋሼ መኪናው ሥር ገቡ። ስንጥቁን አዩ። ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፦

«አብሽር መምህር፣ የሞተ ሰው የለም። ቤትህ ጉልቻው ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«ለምን አራት አልሆነም?»

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ዝም አልኩ። ከኋላዬ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «በአራት ስለሚንገዳገድ ነዋ!» አለ።

ነገሩ ይኸው ነው። በሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደ ድስት መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም ሦስቱንም ይነካል። አራት ከሆነ አንዱ ይንሳፈፋል፤ ወይም ድስቱ መጣመም አለበት። ለጦር የተሠራ መኪና ሻንሲ ደግሞ ሆን ተብሎ እንዲጠማዘዝ ነው የሚሠራው። ሳይጠማዘዝ ቢቀር አስቸጋሪ መንገድ ላይ ጎማው ከመሬት ይነሳል። ቤቱ ግን መጠማዘዝ የለበትም። ሁለቱን በስምንት ቡሎን ማሰር አንዱ ሌላውን እንዲሰብር ማዘዝ ነው።

አፈረስነው። ከቤቱ ሥር ሌላ የብረት አልጋ ሠራን። ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ ያርፋል። ከፊት መሐል ላይ አንድ ቦታ ብቻ፣ ከአሮጌ ባሌስትራ (የመኪና ስፕሪንግ) በወጣ ወፍራም ፒን ላይ፤ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ይላል። ልጆቹ «ጉልቻ አንድ፣ ጉልቻ ሁለት፣ ጉልቻ ሦስት» ብለው በቀለም ጻፉባቸው። ክብደቱ ሁሉ ሦስት ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ እዚያ ቦታ ላይ ብረቱን ደረብነው። ይህ ብቻ ሁለት ወር በላ። የካቲት ላይ ያንኑ ቦይ ተሻገርን። ሻንሲው ተጠማዘዘ፣ ጋቢናው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፣ ቤቱ ወደ ሌላ። በሩ በአንድ ጣት ተከፈተ። ከጋቢናው ወደ ቤቱ የሚሄደው የመብራት ገመድ ግን በጣም ተወጥሮ ስለነበር ተበጠሰ። እሱን በማግስቱ አስረዘምነው።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር። ቤቱ ለደሴ ብርድም ለባቲ ሙቀትም መሆን አለበት። ከውጭ ላሜራ፣ ከውስጥ ኮምፔንሳቶ፣ መሐሉ 4 ሳንቲ ሜትር ፎም። ጥሩ ነበር። አራት ወንዶች አንድ ሌሊት ሞከሩት። ጠዋት ስገባ ጣሪያው ላይ ውሃ ተንጠልጥሏል። ከሁሉም ቦታ አይደለም፤ ከውጭ እስከ ውስጥ ካለፈ ከእያንዳንዱ ቡሎን ራስ ላይ አንድ አንድ ጠብታ። ልክ እንደ ሙስባሃ ተደርድሮ። ብረቱ የውጭውን ብርድ ይዞ ይገባል፤ የአራት ሰው ትንፋሽ እዚያ ላይ ውሃ ይሆናል። ቡሎኖቹን አውጥተን በሞራሌና በማጣበቂያ ተካን፤ ሁለት የአየር ማስገቢያም ከፈትን። ኮምፔንሳቶውን የሸጠልን ሱቅ «ውሃ አይነካውም» ብሎን ነበር። ነክቶታል። አብጦ አንድ ሙሉ ጣውላ ጣልን።

መብራቱን የሠሩት ሴቶቹ ናቸው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ካወረዱት ቶሎ ስለሚሞት የሚበላው 600 ነው። አንዱ ልጅ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንግጠም አለ። ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይስባል። አንዷ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አካፈለችና «12 ደቂቃ። እንጀራው ቀርቶ ምጣዱም አይግልም» ብላ ተቀመጠች። ለማብሰያ ቡታ ጋዝ ሆነ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ ስለዚህ ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣ ቀዳዳ አለ። ማንም እንዳይደፍነው። ከሰል ደግሞ በፍጹም አይገባም። በሩ ላይ በቀይ ተጽፏል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ምን እንደሚያደርግ ለደሴ ሰው አልነግርም።

ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ ወርደን አስመዘንነው። ቤቱ ከነውሃው፣ ከነአልጋው 14 ኩንታል መጣ። 200 ሊትር ውሃ ብቻውን ሁለት ኩንታል ነው፤ ታንከሩን ዝቅ አድርገን በሁለቱ አክስል መሐል ያስቀመጥነው ለዚህ ነው። አብረውን የወረዱት የታሪክ መምህር «ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ሆኖ ያለ ሞተር መቅደላ ወጥቷል» ብለው አጣጣሉን። ስንመለስ ዶሮ መዝለያ ላይ አይፋው አቃሰተ። ሞተሩ 125 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ተርቦ የለውም። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ በየ1000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። ደሴ ሲደርስ ከ95 ብዙም አይበልጥም። ጥቁር ጭስ እየተፋ በሁለተኛ ማርሽ ወጣን። ሲኖትራክ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን። በሌላ ቀን ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት አደርን፤ አሳ በላን፣ ምንም አልተሰበረም። ደንቆሮ ግን ዘንድሮ አልተሄደም። የሥነ ሕይወት ክበብ ይቅር ይበለን።

አሁን ወደ አባባ። ሰኔ ላይ ፈተና ደርሶ ልጆቹ ሲበተኑ አንድ ማታ ቁልፉን ልሰጣቸው ሄድኩ። አይፋው አጠገብ ቆመው ጉልቻ ሦስትን በእጃቸው ይነካሉ።

«በ77 ለሰፈራ ወደ መተከል የወሰደን ይሄ ነው» አሉ። «ይሄ ራሱ እንኳ ባይሆን ወንድሙ ነው። እንደ እህል ታጭቀን፣ ቆመን። ከዚያ በእግሬ ነው የተመለስኩት።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። «ይግቡና ይዩት» አልኳቸው።

«ቆሜ ሄጄበታለሁ። ተኝቼበት አላውቅም። ዛሬ ልደርበት።»

ጋቢያቸውን ይዘው ገቡ። በማግስቱ በጠዋት መጣሁ። በሩ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

«እንዴት አደሩ አባባ?»

«ሸጋ ነው። አልጋው አጭር ነው እንጂ። እግሬን አጥፌ ነው ያደርኩት።»

ለካሁት። 1 ሜትር ከ75 ነው። የሚቀጥለው ዓመት ክበብ የመጀመሪያ ሥራ አልጋውን 15 ሳንቲ ሜትር ማስረዘም ነው። ቱቦላሬው ላብራቶሪው በስተኋላ ተቀምጧል።