ስትራስበርግ ገንዘብ ይዞ የተቀመጠ ሰው አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የስፖርት ዓምዳችሁ ስለ ቤዝቦል ቡድኑ ዋሽንግተን ናሽናልስ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ስቲቨን ስትራስበርግ ሲያነሳ፣ በ2019 መጨረሻ የሰባት ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ከዚያ በኋላ ስምንት ጨዋታ ብቻ ወርውሮ ቤቱ ገባ ብሏል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ቁጥሩ ልክ ነው። በስምንቱ ጨዋታ የወረወረው ተደምሮ 31⅓ ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ነው። ምክንያቱ ግን አልተጻፈም። ልጆቻቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል) ለሚያመላልሱ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ላሉ የአሌክሳንድሪያና የሲልቨር ስፕሪንግ ወላጆች ደግሞ ከደመወዙ ይልቅ የሚጠቅማቸው ምክንያቱ ነው።

የቤዝቦል ኳስ ክብደት ከ150 ግራም አይሞላም። ፒቸሩ ይህችን ኳስ 18.44 ሜትር ርቆ ወደቆመው መቺ ሲወረውር ክንዱ ወደኋላ ይለጠጥና በቅጽበት ወደፊት ይወነጨፋል። በዚያች ቅጽበት ክርኑ በውስጥ በኩል ሊከፈት ይታገላል፤ እንዳይከፈት የሚይዘው የላይኛውን የክንድ አጥንት ከታችኛው ጋር የሚያያዝ አጭር ጅማት ነው። ጅማቱ ብቻውን ቢሆን በሙሉ ኃይል የተወረወረን ኳስ ጫና አይችልም፤ በዙሪያው ያሉት የክንድ ጡንቻዎች ያግዙታል። ጡንቻ ሲደክም ግን እገዛው ይቀንስና ሸክሙ በጅማቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጅማት የሚያልቀው በአንድ ክፉ ውርወራ ብቻ አይደለም፤ ደክሞ እያለ በተወረወረ ብዙ ኳስ ነው።

ስትራስበርግ በ2009 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ሲመርጡ ከሁሉ አንደኛ የተመረጠው ነበር። ጁን 8 ቀን 2010 ከፒትስበርግ ጋር ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታው በሰባት ኢኒንግ 14 መቺዎችን በስትራይክ አውት፣ ማለትም ኳሷን ወደ ሜዳ ሳይመቱ፣ አስወጣ፤ አንድም መቺ በነጻ ወደ ቤዝ አልሄደበትም። ኦገስት ላይ ፊላደልፊያ ውስጥ ያ ጅማት ተቀደደ፤ ሴፕቴምበር 3 ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ቀዶ ሕክምናው በሰፊው የሚታወቀው በፒቸሩ በቶሚ ጆን ስም ነው። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በሴፕቴምበር 1974 ሎስ አንጀለስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠሩት ለእሱ ነበርና። ከሕመምተኛው ከራሱ ክንድ ወይም ከጭኑ አንድ ጅማት ይወሰዳል፣ ጅማቱ በሚያያይዛቸው ሁለት የክርን አጥንቶች ላይ ቀዳዳ ይበሳል፣ ጅማቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ይታሰራል። ከዚያ ወራት ኳስ አይነካም። መጀመሪያ ከቅርብ ርቀት በቀስታ፣ ቀጥሎ ርቀት እየተጨመረ፣ በመጨረሻ ከማውንድ (ፒቸሩ ከሚቆምበት ጉብታ) ላይ ይወረውራል፤ ወደ ጨዋታ ለመመለስ በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ቶሚ ጆን 1975ን በሙሉ ሳይጫወት አልፎ፣ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱን ያሸነፈው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀዶ ሕክምናው ክንድን ከበፊቱ ያጠነክራል የሚለው ወሬም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። አያጠነክርም። የቶሚ ጆን መተዳደሪያ ፍጥነት ሳይሆን መቺው አጠገብ ወደ ታች የምትወርድ ኳስ ነበረች። ጤነኛ ልጅ አሠርተው ፍጥነት ይጨመርለት የሚሉ ወላጆች አሉ ሲባል ስሰማ ይገርመኛል።

ናሽናልስ በ2012 ስትራስበርግን 159⅓ ኢኒንግ ላይ፣ 15 አሸንፎ 6 በተሸነፈበት ዓመት፣ ከፕሌይኦፍ (ከዋንጫው ማጣሪያ ጨዋታዎች) በፊት አሳረፉት። ቡድኑ ያለ እሱ በሴንት ሉዊስ ተሸነፈና ክርክሩ እስከዛሬ አልበረደም። በእኔ አስተያየት ማሳረፋቸው ልክ ነበር። በ2019 ያው ክንድ 209 ኢኒንግ ከወረወረ በኋላ በፕሌይኦፍ ሌላ 36⅓ ጨመረበት፤ አምስት ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ የወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ውሉ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በቤዝቦል ደግሞ የተፈረመ ውል ተጫዋቹ ቢጎዳም ይከፈላል።

ስትራስበርግን ከጨዋታ ያስቆመው ግን ክርኑ አይደለም። ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮችና የደም ሥሮች በአንገት አጥንትና በመጀመሪያው ጎድን መካከል ያልፋሉ። ቦታው ሲጠብ እጅ ይደነዝዛል፣ ጣት ይቀዘቅዛል፣ ኳሷም በጣት ላይ አትታወቅም። በ2021 ለዚህ ጎድን እስከ ማውጣት የደረሰ ቀዶ ሕክምና አደረገ። ከዚህኛው የሚመለስ ፒቸር ከክርኑ ያነሰ ነው። በጁን 2022 ማያሚ ላይ አንድ ጨዋታ ሞከረ፤ የመጨረሻው ሆነ።

አሁን ወደ ልጆቹ። ሊትል ሊግ ለ9 እና 10 ዓመት ልጅ በቀን 75፣ ለ11 እና 12 ዓመት 85፣ ከ13 እስከ 16 ዓመት 95 ውርወራ ይፈቅዳል። እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ ከ21 እስከ 35 ከወረወረ አንድ ቀን፣ እስከ 50 ሁለት፣ እስከ 65 ሦስት፣ 66 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አራት ቀን ያርፋል። 41 እና ከዚያ በላይ የወረወረ ልጅ በዚያው ቀን ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀበል) መሆን አይችልም፤ ካቸር እያንዳንዷን ኳስ መልሶ ስለሚወረውር ክንዱ አላረፈም።

ሕጉ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ በክፋት አይደለም። ልጁ በሰፈር ሊግም በተጓዥ ቡድንም ይጫወታል፤ ሁለቱም አሠልጣኞች የየራሳቸውን ብቻ ይቆጥራሉ። ሐሙስ 50፣ ቅዳሜ 60 ወርውሮ በሁለቱም መዝገብ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። የሚደምረው ወላጅ ብቻ ነው፤ ቀንና ቁጥር በስልክ ላይ ይጻፍና ለሁለቱም አሠልጣኝ ይታይ። የማሟሟቂያውና የልምምዱ ውርወራ በቁጥሩ እንደማይገባም ይታወቅ። በዓመት ቢያንስ አራት ወር ምንም አይወርውር።

እኛ ቤት ልጅ አመመኝ ሲል አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አይደለህም ወይ ማለት ይቀናናል። ክንዴ ደከመ ካለ ግን በዚያው ሰዓት ከማውንድ ይውረድ። በክርኑ የውስጥ በኩል ከታመመ አጥንቱ ገና የሚያድግበት ቦታ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በበረዶና በማስታገሻ ኪኒን ለሚቀጥለው ጨዋታ አያድርሱት፤ የልጆች አጥንት ሐኪም ይየው። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ከደነዘዙም እንዲሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ