የዋስትናው ገንዘብ ለባለመብቷ ይድረስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የዐረብ አገር ሥራ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ «ይከልከል ወይስ ይፈቀድ» ላይ ይቆማል። መከልከሉን ሞክረነዋል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተጣለው እገዳ ብዙ ተጓዥ በመተማና በየመን በኩል እንዲዞር አደረገ። በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ደግሞ ኮንትራት የለውምና ደመወዙን ቢከለከል የሚከሰው አያገኝም። ዛሬ መነጋገር ያለብን በኤጀንሲ በኩል፣ ኮንትራቷ ጸድቆ ስለሄደችው ልጅ ነው። ስምንት ወር ሠርታ ሳይከፈላት ቦሌ ብትወርድ ገንዘቧን ከማን ትቀበላለች?

ሕጉ መልስ አለው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲውን ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርገዋል። ስለዚህ ሪያድ ያለችውን ማዳም ማሳደድ አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ቢሮ የከፈተው ኤጀንሲ ይጠየቃል። ለዚህም 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ አዋጁ ደነገገ። ገንዘቡ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በወር 1 ሺህ ሪያል ተዋውላ የስምንት ወር ያልተከፈላት ሠራተኛ 8 ሺህ ሪያል፣ ማለትም ወደ 2 ሺህ 133 ዶላር ይገባታል። እንዲህ ያሉ 47 ሠራተኞች ቢጠይቁ ዋስትናው ያልቃል። በዓመት መቶዎችን ለሚልክ ኤጀንሲ ይህ ጠባብ ነው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ያለውንም ገንዘብ በማስረጃ እጦት የሚጠይቀው ሰው መጥፋቱ ነው።

ማስረጃው የሚጠፋው እንዲህ ነው። የጸደቀው ኮንትራት ቅጂ ኤጀንሲው ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ ወይም ሠራተኛዋ በሻንጣዋ ይዛው ሄዳ ከፓስፖርቷ ጋር አሠሪዋ እጅ ይገባል። እዚያ ስትደርስ በዐረብኛ ብቻ የተጻፈ ሌላ ወረቀት ያስፈርሟታል፤ ደመወዙ ዝቅ ይላል፣ የአንድ ቤት ሥራ የሁለት ቤት ይሆናል። ክፍያው በእጅ ከሆነ ደግሞ የተሰጣትንም የተከለከለችውንም የሚያሳይ ነገር የለም። ስትመለስ የምትይዘው ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ምትክ ለመመለሻ የሚሰጥ ወረቀት) ብቻ ነው። ያን ጊዜ ኤጀንሲው «ከቤት ጠፍታ ነው» ካለ ቃሉን የምታፈርስበት የላትም።

በሳዑዲ «ጠፋች» መባል ከባድ ነገር ነው። አሠሪው «ሁሩብ» ብሎ ካስመዘገባት ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ዋጋ ያጣል፤ ደመወዟን ልትጠይቅ ወጥታ ራሷ ልትያዝ ትችላለች። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከቤት ከመውጣቷ በፊት ለኤምባሲው ወይም ለቆንስላው ታሳውቅ፤ ቤተሰቧም ለኤጀንሲው በጽሑፍ ያመልክት፣ የተላኩትም መልእክቶች ከነቀናቸው ይቀመጡ። ድብደባ ወይም የመደፈር አደጋ ያንዣበበባት ግን ይህን አትጠብቅ፤ አስቀድማ ነፍሷን ታድን፣ ማመልከቻው በማግስቱም ይደርሳል።

የተቀባይ አገሮች ሕግ ፈጽሞ ባዶ አይደለም። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ (68/2015 እ.ኤ.አ.) በቀን ከ12 ሰዓት፣ የኳታሩ (15/2017 እ.ኤ.አ.) ሠራተኛዋ ካልተስማማች በቀር ከ10 ሰዓት በላይ ማሠራትን ይከለክላሉ፤ ሁለቱም የሳምንት ዕረፍት ይሰጣሉ። ተቆጣጣሪ የሰው ቤት ገብቶ ሰዓት ስለማይቆጥር ግን የሠራተኛዋ ዋነኛ መከታ አገሯ ውስጥ ያለው ተጠያቂ ነው።

ይህን አስቀድማ የተረዳችው ፊሊፒንስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣችው ሕግ (ቁጥር 8042) ኤጀንሲውንና አሠሪውን በአንድ አስሮ፣ የሠራተኛዋ የገንዘብ ጥያቄ እዚያው አገሯ ውስጥ በ90 ቀን እንዲወሰን ቀን ቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሻሻል ኤጀንሲው ከእሷ ሳይቀንስ መድን እንዲገባላት አስገደደ። መድኑ አሠሪው ያልከፈለውን ለእያንዳንዱ የኮንትራት ዓመት ቢያንስ የሦስት ወር ደመወዝ ያህል ይሸፍናል፤ በሄደችበት አገር ክስ ላይ ላለች ሠራተኛም እስከ ስድስት ወር ድረስ በወር ቢያንስ 100 ዶላር መሰንበቻ ይሰጣል። ይህ መሰንበቻ ትንሽ ቢመስልም ጥቅሙ ብዙ ነው፤ የሚበላ የሌላት ከሳሽ የ2 ሺህ ዶላር መብቷን በጥቂት ሺህ ብር ታርቃ ልትሄድ ትችላለችና። ፊሊፒንስም ቢሆን አልተሳካላትም የሚያሰኝ ነገር አላጣችም፤ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ፓስፖርትና ስልክ እንዳይነጠቅ ከኩዌት ጋር ተፈራርማ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ አንዲት ዜጋዋ እዚያ ስትገደል አዲስ የቤት ሠራተኞችን መላክ አቁማ ነበር።

ክፍያን በተመለከተ ኔፓል ትምህርት ትሰጠናለች። ከሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ስድስቱ የባሕረ ሰላጤ አገሮችና ወደ ማሌዥያ የሚሄድ ሠራተኛ ቪዛና ትኬት በነፃ ያገኛል፣ ለኤጀንሲ ቢበዛ 10 ሺህ የኔፓል ሩፒ ይከፍላል ተባለ። ኤጀንሲዎች ብዙ እጥፍ እየተቀበሉ ደረሰኙን በ10 ሺህ ቆረጡ። በእኛም አዋጅ ቪዛ፣ ደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ መድን የአሠሪው ወጪ ነው። ሠራተኛዋ የምትችለው ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ሰርተፊኬትና የብቃት ምዘናን የመሳሰሉትን ነው። ከዚህ ያለፈ ገንዘብ በወረዳው ደላላ ከተጠየቀች በእጅ አትስጥ፤ በባንክ ብታስገባ ቢያንስ የተቀባዩ ስም ይመዘገባል።

ከመብረሯ በፊት የኮንትራቱን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስታ ቢያንስ ለሁለት ዘመዶች በቴሌግራም ትላክ። የኤጀንሲው ስምና የፈቃድ ቁጥር፣ የአሠሪው ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክና ከተማ አብሮ ይሂድ። ሳዑዲ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል በደረጃ ማስገደድ ጀምራለች፤ ሒሳቡ በራሷ ስምና በራሷ ስልክ ካልተከፈተ ግን አሠሪው ከፍሎ መልሶ ሊያወጣው ይችላል።

ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የምንጠይቀው እነሆ። ኮንትራት ሲጸድቅ ደመወዙ፣ የአሠሪው ስምና የኤጀንሲው ፈቃድ ቁጥር በስልክ መልእክት ለቤተሰቧ ይድረስ። አቤቱታዋን በዞኗ አቅርባ በ90 ቀን ውሳኔ ታግኝ፤ ለወሎ ወይም ለጅማ ልጅ አዲስ አበባ ተመላልሶ መክሰስ አቅሟ አይደለም። ከዋስትናው ለስንት ሠራተኛ ስንት ብር እንደተከፈለ በየኤጀንሲው ስም በየስድስት ወሩ ይውጣ። የዋስትናውም መጠን በተላከው ሠራተኛ ቁጥር ይደግ፤ ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 632/2001 በቁጥር ከፋፍሎት ስለነበር አሠራሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም።

በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ጉዳይ የምንሠራ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ