የኮምፒውተርና የጌም ሥራ ክበብ፦ «ተጭኜ ሰይፉ ለምን ይዘገያል?»

የ2017 ዓ.ም. የክበባት ዘገባ

የክበባችን ስም ሲነሣ «እነዚያ ጌም የሚጫወቱት» የሚል አስተያየት በመምህራን ማረፊያም በወላጆች ስብሰባም ይሰማል። ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር። ክበባችን ጌም አይጫወትም፤ ጌም ይሠራል። ዘንድሮ የሠራነው አራት ሰዎች በኔትወርክ ተገናኝተው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ተዋጊ ደረጃ በደረጃ እያሳደጉ፣ ከደሴው የጦሳ ተራራ ሥር ያለች መንደርን ከጅብ መንጋ የሚጠብቁበት ነው። ልጆቹ ገና የመጀመሪያውን ሙከራ እንዳዩ ያነሡት ጥያቄ ስለ ሥዕሉ ወይም ስለ ታሪኩ አልነበረም። «ቁልፉን ተጭኜ ሰይፉ ለምን ይዘገያል?» ነው ያሉት። ዓመቱን ሙሉ ያሠራን ይህ ጥያቄ ነው። ፊዚክስ አስነክቶናል፤ ሒሳብ አስነክቶናል፤ ኪቦርድ አስፈትቶናል።

መደበኛው ሥራ እንደ ወትሮው ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት አመራር መርጠን፣ የኮድ መሠረታዊ ትምህርት ሰጥተን፣ ጎዶት የተባለውን የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ለምደናል። ጎዶትን የመረጥነው ነፃ ስለሆነ፣ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዘዋወርና አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ስለሚሠራ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልለፍ። «ይጎትታል» ብሎ ማማረር ጥገና አይሆንም፤ መለካት ያስፈልጋል። አለካኩ በማንኛውም ቤት ሊሞከር ይችላል። በሰከንድ 240 ምስል መቅረጽ የሚችል ስልክ ጣትና ስክሪን አብረው እንዲታዩ አድርጎ ማቆም፣ ቁልፉን መጫን፣ ከዚያ ቪዲዮውን ምስል በምስል እያሳለፉ ጣት ቁልፉን ካወረደበት እስከ ስክሪኑ የመጀመሪያ ለውጥ ድረስ መቁጠር ነው። አንዱ ምስል 4.2 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሆነ 30 ምስል ከተቆጠረ መዘግየቱ 125 ሚሊሰከንድ ነው። አንዴ ለክቶ ማመን አይገባም፤ ቢያንስ አሥር ጊዜ ለክቶ መካከለኛውን መውሰድ ነው።

ይህን ያደረግነው ኔትወርኩን ነቅለን፣ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። የገረመንም እዚህ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት በሌለበትም መዘግየት አለ። ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ በሰከንድ 125 ጊዜ ብቻ ስለሚጠየቅ አንድ ጭነት እስከ 8 ሚሊሰከንድ ተራ ይጠብቃል። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ ከሠራ አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ኮምፒውተሩ ደክሞ ወደ 30 ከወረደ 33.3 ይሆናል። ምስሉን ከስክሪኑ እድሳት ጋር የሚያስተካክለው ቪሲንክ ሲከፈት ደግሞ ሁለት ፍሬም ወረፋ ሊይዝ ስለሚችል በ60 ፍሬም ሌላ 33 ሚሊሰከንድ ይጨምራል። ቪሲንክ ሲዘጋ ምስሉ አንዳንዴ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ይታያል፤ ልጆቹ ግን ድምፅ ሰጥተው ፈጣኑን መርጠዋል። እኔም እስማማለሁ፤ በውጊያ ላይ የእጅ ፍጥነት ከሥዕል ጥራት ይቀድማል።

ቀጣዩ ጥፋት ከሥዕሉ ተገኘ። ሰይፉ ከመውረዱ በፊት የሚነሣበት እንቅስቃሴ 12 ፍሬም ነበረው፤ ይኸውም 200 ሚሊሰከንድ ነው። ርዝመቱ ብቻውን አይደለም የጎዳን። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፍሬሞች ላይ ተዋጊው ከቦታው ንቅንቅ የሚል አይመስልም፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ቁልፉ እንዳልሠራ ያስብና ደግሞ ይጫናል። ሥዕሉ እንደገና ሲሠራ ገና በመጀመሪያው ፍሬም ትከሻው ሙሉ በሙሉ እንዲዞር፣ ጠቅላላው ደግሞ 9 ፍሬም እንዲሆን ተደረገ። ከምቱ በኋላ ያለው መመለሻ ረዘም ብሎ ቀረ፤ ነገር ግን ተጫዋቹ መሸሽ ሲፈልግ መሃል ላይ ሊያቋርጠው ይችላል። በተጨማሪም አንድ ምት ሳያልቅ በመጨረሻዎቹ 200 ሚሊሰከንድ ውስጥ የተጫነ ቁልፍ እንዳይጠፋ ጌሙ ያስታውሰውና ምቱ ሲያልቅ ይፈጽመዋል። ታላላቆቹ ጌሞችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚቀጥለውን ትእዛዝ እስከ 400 ሚሊሰከንድ አስቀድሞ ይቀበላል።

ምቱ ሲያርፍ እንዲሰማ ለማድረግ ደግሞ ሰይፉና ጅቡ ለ4 ፍሬም፣ 67 ሚሊሰከንድ ያህል፣ ባሉበት እንዲቆሙ አደረግን። ያለዚህ ማቆሚያ ሰይፉ በጭስ ውስጥ የሚያልፍ ይመስላል። እዚህ ላይ ለሚሠሩ ሁሉ የሚጠቅም ማስጠንቀቂያ አለ። ልጆቹ መጀመሪያ የጌሙን ሰዓት በሙሉ አቆሙት፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ግሩም ነበር፤ አራት ሲገናኙ ግን እያንዳንዱ ኮምፒውተር በየራሱ ጊዜ እየቆመ ተዋጊዎቹ ሌላ ሌላ ቦታ መታየት ጀመሩ። መቆም ያለበት በተጫዋቹ ስክሪን ላይ ያለው የእነዚያ የሁለቱ ሥዕል ብቻ ነው። ለአራቱም የሚያሰላው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ሰዓቱ ለአፍታም መቆም የለበትም።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ወደ ኔትወርኩ ገባን። ብዙዎቹ ልጆች ጌም የሚጎትተው «ደሴ ስለሆንን ነው» የሚል እምነት ነበራቸው። በብርጭቆ ኬብል ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱን ብርሃን በ4 ሚሊሰከንድ ይጨርሰዋል። ከተማችን አልበደለችንም! ሰርቨሩ አውሮፓ ውስጥ፣ ለምሳሌ ፍራንክፈርት፣ ከሆነ ግን ርቀቱ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ኬብሉ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ፣ በየመገናኛውም ወረፋ ስላለ፣ ዋይፋይና የሞባይል ዳታም የራሳቸውን ስለሚጨምሩ የመልእክቱ ደርሶ መልስ ጊዜ፣ ፒንጉ፣ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ይህን ስሌት ሰሌዳ ላይ የሠሩት የ9ኛ ክፍል ልጆች መሆናቸውን የፊዚክስ መምህራን ልብ ቢሉልን ደስ ይለናል።

የሰርቨር ዙርም አለ። የእኛ ሰርቨር መጀመሪያ በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ ያሰላ ስለነበር አንድ ትእዛዝ እስከ 100 ሚሊሰከንድ ደጅ ይጠና ነበር። ወደ 30 ሲያድግ ጥበቃው ወደ 33 ወረደ። ከዚያ በላይ አሮጌው ማሽን አልቻለም። መልእክቱን ከቲሲፒ ወደ ዩዲፒ (ሁለቱም በኔትወርክ መልእክት የመላኪያ ሥርዓቶች ናቸው) ማዛወራችንም ጠቅሟል፤ ቲሲፒ አንዲት መልእክት ከጠፋች እስክትተካ ድረስ ከኋላ ያሉትን ሁሉ ያቆማል፤ ትንንሽ መልእክቶችንም አጠራቅሞ የመላክ ልማድ አለው። አሁን የተዋጊው አቀማመጥ ቢጠፋም ግድ በማይሰጥ መንገድ ይላካል፤ አዲሱ ወዲያው ይተካዋልና። የጉዳት ቁጥር ግን መድረሱ በሚረጋገጥበት መንገድ ይሄዳል።

ጅቡም ፍርድ ይገባዋል። ጅቡ ከመንከሱ በፊት የሚሰጠው ምልክት 400 ሚሊሰከንድ ነበር። ሰው ባየው ነገር ላይ እጁን ለማንቀሳቀስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ፒንጉ 200 ከሆነ ምልክቱ ዘግይቶ ይታያል፤ ሽሽቱም ዘግይቶ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል፤ ደርሶ መልሱ በሙሉ ከ400ው ላይ ይቀነሳል። 200 ብቻ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ለማንም አይበቃም። ተጫዋቹ «ሸሽቼ ነበር እኮ!» ሲል እውነቱን ነው። ምልክቱን ወደ 700 አሳደግነው፤ ሰው ለድምፅ ከምስል ይልቅ ፈጥኖ ስለሚመልስም ማጉረምረሚያ ጨመርንበት። ከሩቅ የሚጫወተውን ሰው በእጁ ፍጥነት መውቀስ የአሠሪው ስንፍና ነው ብዬ አምናለሁ። እንደ ፋይናል ፋንታሲ 14 ያሉ ጌሞች አብዛኛው ምት በ2.5 ሰከንድ አንዴ እንዲሆን ሲያደርጉ፣ ሩንስኬፕም በ0.6 ሰከንድ ዙር ሲሠራ፣ የቀርፋፋው ምት ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ፒንጉ በዙሩ ውስጥ ይደበቃል።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ያደረግነውን ጉዞ ግን በሁለት መስመር ማለፍ አልችልም። ሐረጎን ቁልቁል ወርደን፣ በኬብል የተገናኙ ኮምፒውተሮች ያሉት አንድ የኮሌጅ ክፍል በደግነት ተፈቅዶልን ጌማችንን አሳየን። ልጆቹ ሁለት ቅጂ ጭነዋል፤ «ሀ» እና «ለ»። በሁለቱም ላይ በሊኑክስ መሣሪያ 150 ሚሊሰከንድ ሰው ሠራሽ መዘግየት ተጨምሯል። በ«ሀ» ሰይፉ የሰርቨሩን ፈቃድ ጠብቆ ይነሣል። በ«ለ» ቁልፉ እንደተጫነ ይነሣል። የኮሌጁ ተማሪዎች ሁለቱንም ሞክረው «ለ» ፒንጉ ያነሰ ነው ብለው ፈረዱ፤ ፒንጉ እኩል መሆኑ ሲነገራቸው አላመኑም።

ያስረዳቻቸው የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ናት። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በክበቡ ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም፤ ከኋላ ተቀምጣ ሥዕል ታስተካክል ነበር። ተነሥታ ሰሌዳው ላይ ዘጠኝ ሳጥን ሣለች። «የሰይፉ ማንሻ 9 ፍሬም ነው፤ አንዱ 16.7 ነው፤ ጠቅላላው 150 ይመጣል። ሰይፉ ተነሥቶ እስኪወርድ የሰርቨሩ መልስ ደርሷል። ጥበቃውን በእንቅስቃሴው ሞላነው» አለች። የኮሌጁ መምህር ፈተና ጣሉባት። «እንግዲህ ዓይናችንን እያታለላችሁት ነው ማለት ነዋ?»

«አይደለም መምህር» አለች። «የማነሣው የራሴን ሰይፍ ነው፤ ያንን አዝዤዋለሁ። ጅቡ መመታቱን የሚወስነው ሰርቨሩ ነው። እሱ ሳይናገር ደም አናሳይም፤ ቁጥር አናሳይም። ሳተ ካለም ሰይፉ አየር መትቶ ይመለሳል።»

መምህሩ ጠመኔውን ተቀብለው ራሳቸው ሳጥኖቹን እየቆጠሩ ለተማሪዎቻቸው ደገሙላቸው። ዘጠኝ የሚለው ቁጥር የእሷ ሐሳብ ነበር፤ ጥር ላይ በደብተር ቅዳጅ ጽፋ ለአመራሩ የሰጠችው። ይህ ክበብ ለምን እንደሚያስፈልግ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው ያንን ከሰዓት ነው።

እንቅፋቱ አልጠፋም። መብራት ሲሄድ ሥራችን ባለበት ይቀራል፤ አንድ ሳምንት ያልተቀመጠ ኮድ ጠፍቶብናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወደሙት ኮምፒውተሮች እስካሁን አልተተኩም፤ በአንድ ማሽን ላይ አምስት ልጅ ይሠራል። ለበዓላት የድምፅ ማጉያ ኪራይ በየዓመቱ በጀት እንደሚገኝ እናውቃለን፤ የእኛ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው። ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ ባለ 8 ቀዳዳ ስዊች፣ 60 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ከነጫፎቹ፣ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን ለጊዜው የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ፤ ይኸው ነው። ዋይፋይ አይተካውም፤ የአየሩ ሞገድ ሲጨናነቅ ፒንጉ አንዴ 5 አንዴ 80 እያለ ስለሚዘል ልጆቹ ስሕተቱ የኮዳቸው ይሁን የአየሩ መለየት ያቅታቸዋል።

ኪቦርድም ያስፈልገናል፤ ምክንያቱን ልናገር። በርካሽ ኪቦርድ ላይ ወደ ላይና ወደ ግራ ቀስት ተይዞ ስፔስ ሲጫን ብዙ ጊዜ ስፔሱ አይሠራም። ልጆቹ ኮዱን ለሳምንታት ሲፈትሹ ከርመው በመጨረሻ የተሰበረ ኪቦርድ ፈትተው በላስቲኩ ላይ ያለውን የመስመር መረብ ተከተሉ። ቁልፎች በአግድምና በቁም መስመሮች መገናኛ ላይ ስለሚቀመጡ ሦስቱ ተመሳሳይ መስመር ሲጋሩ መቆጣጠሪያው አራተኛ ቁልፍ የተጫነ እንዳይመስለው ሦስተኛውን ይተወዋል። ስፔስ ላይ የነበረውን መሸሻ ወደ ሺፍት አዛወርነው፤ ሺፍት በአብዛኛው የራሱ መስመር አለው። አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲጫን ዊንዶውስ የሚከፍተውን መስኮት ግን አስቀድሞ መዝጋት ያስፈልጋል።

እቤታችሁ የተቀመጠ አሮጌ ኪቦርድ ካለ እንዳትጥሉት፤ በተለይ ክብ መሰኪያ ያለውን። ኮምፒውተሮቻችን ክቡ ቀዳዳ አላቸው፤ ያ ዓይነት ኪቦርድ ደግሞ እስኪጠየቅ ሳይጠብቅ ቁልፉ እንደተነካ ራሱ ያሳውቃል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ክፍሉ እንቀበላለን፤ የማይሠራም ቢሆን ይፈታል።