የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ መልእክት መላላኪያ ዳግም እንዲሠራ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ ተወላጆችና ወዳጆች፣

በሐምሌ ወር የወረደው መብረቅ የሆስፒታላችን ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገለገልበትን ገመድ አልባ የመልእክት መላላኪያ ማቃጠሉን ሰምታችኋል። መልእክቱን የሚያስተላልፈው ኮምፒውተር፣ የዋይፋይ ማሰራጫዎቹና ቻርጀሮቹ ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች በተረኞቹ ኪስ ስለነበሩ ተርፈዋል፤ ዛሬ ግን የሚያገናኛቸው አጥተው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል። በመስከረም የጀመርነው መዋጮም የሚያስፈልገውን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ቆሟል።

«መዋጮ ሰለቸን» የምትሉ አላችሁ። እውነት ለመናገር እኛንም ሰልችቶናል። ነገር ግን መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሌሊት እናስታውሳለን። የታማሚ ኦክስጅን ሲወርድ ነርሷ አልጋውን ጥላ መውጣት ስለማትችል የጽዳት ሠራተኛዋን ትጠራለች። እርሷም ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ በዝናብ ግቢውን አቋርጣ የተረኛ ሐኪሙን በር ታንኳኳለች። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከገባ ደግሞ ሩጫው ወደዚያ ይቀጥላል። መሣሪያው ሲገባ ግን ነርሷ ከራስጌው ሳትርቅ «አልጋ 4፣ ኦክስጅን 82፣ እየወረደ ነው፣ ይድረሱ» ብላ ትልካለች፤ «ደርሶኛል፣ መጣሁ» የሚለው መልስ ወዲያው ይታያታል። የታማሚ ስም አይጻፍም፤ የአልጋ ቁጥር ብቻ ነው። ይህን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ከደጀንና ከብቸና፣ ከደምበጫም በሪፈር የመጣ ሁሉ ተጠቅሞበታል።

«ስልክ አላቸው አይደል?» ለሚሉን፦ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በቴሌግራም መጻጻፍ እንደቆመ አትረሱም። ይህ የእኛ መላላኪያ ግን በግቢው ውስጥ ብቻ ስለሚሠራ የውጭ ኔትወርክ አይጠብቅም። «በዚያ ገንዘብ ሌላ መተንፈሻ ማሽን አይገዛም ነበር?» ለሚሉንም መልስ አለን። ማሽኑ ችግር ሲገጥመው ይጮኻል፤ ሊያስተካክል የሚችለው ሰው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ከሆነ ጩኸቱ ለማን ነው? በካናዳ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠራተኞች ገመድ አልባ የኢሜይል መሣሪያ ተሰጥቷቸው ሲጠየቁ፣ አብዛኞቹ ግንኙነታቸው እንደፈጠነ መናገራቸው በ2009 እ.ኤ.አ. በጥናት ታትሟል።

ስለ ቀድሞው ወጪ ብዙ ተወርቷል። የመብረቅ መከላከያ አልተገዛም የሚለው ሐሰት ነው፤ ጣሪያው ላይ ተተክሏል፣ ሽቦውም መሬት ውስጥ ተቀብሯል፣ ደረሰኙም በእድር ቤቱ ሰሌዳ ተለጥፏል። ጉዳቱ የገባው በመብራት መስመሩ በኩል ነው። አሁን በሚገዛው ላይ የኃይል መቆጣጠሪያና ባትሪ የጨመርነውም ለዚህ ነው። ለመሣሪያዎቹ መሸፈኛ የወጣው ገንዘብ ያስቆጣቸውም ነበሩ። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዞር ዕቃ በአልኮል ካልተጠረገ ጀርም ይዞ ይዞራል፤ መሸፈኛ የሌለውን ደግሞ አልኮሉ ወደ ውስጥ ሰርጎ ያበላሸዋል። ለኮሚቴው አባላት አበል የሚባል ነገር ተከፍሎ አያውቅም፤ የስብሰባው ሻይ እንኳ ከኪሳችን ነው።

ወንጌሉ «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ይላል። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ባለፈው ጊዜ ሰደቃቸውን ይዘው ቀድመውን እንደደረሱ አንዘነጋም።

አቅራቢው የሰጠን ዋጋ የሚጸናው እስከ ኅዳር 30 ብቻ ነው፤ ግማሹ ከተከፈለው ቀሪውን ይጠብቀናል። ስለዚህ ጤፋችሁ ገና አውድማ ላይ ያለ ገበሬዎች ቃል ገብታችሁ ተመዝገቡ፣ በታኅሣሥ ታስረክባላችሁ። መቶ ብርም ቢሆን እንቀበላለን።

ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው፤ ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም። ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው ባለፈው ጊዜ ቁጥር ለውጠው ያሰራጩ ስለነበሩ ነው። ከእድር ቤቱ ሰሌዳ ወይም ማኅተም ካለበት ደረሰኝ ጀርባ ውሰዱ። በግለሰብ ስም ላኩ የሚላችሁ ቢኖር እኛ አይደለንም። በውጭ የምትኖሩም በቤተሰቦቻችሁ በኩል ቁጥሩን ከሰሌዳው ፎቶ አስነሡ እንጂ በስልክ ከሚነግራችሁ አትቀበሉ። ደግመን እንላለን፦ ንግድ ባንክ፣ በኮሚቴው ስም፣ እስከ ኅዳር 30። የባንኩን ወረቀት ለገንዘብ ያዡ አሳይታችሁ የኮሚቴውን ደረሰኝ ሳትይዙ አትሂዱ።

አስተባባሪ ኮሚቴው