ፎቶው ላይ ያለነው ሴቶች ነን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ደብረ ብርሃን ስላለነው ተፈናቃዮች ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። ፎቶውን ግን ደጋግሜ ነው ያየሁት። ከሥሩ «አባወራዎች የዕርዳታ እህል ሲጠባበቁ» ይላል። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሴት ነው! ከፊት ሦስተኛዋ፣ ከብርዱ የተነሳ ነጠላዋን አፏ ድረስ የተከናነበችው፣ እኔ ነኝ። ከኋላዬ ያለችው ነፍሰ ጡር ናት። አባወራው የቱ ጋ ነው?

በአንዲት ቃል ይሄን ያህል ምን ያስቆጣታል የሚል ይኖራል። ይቺ ቃል እኔንና ልጆቼን ዓመት ሙሉ አስርባናለች።

ከወለጋ የወጣነው ሌሊት ነው። ባለቤቴ «ልጆቹን ይዘሽ ቅደሚ፣ እደርስባችኋለሁ» አለኝ። አልደረሰም። እዚህ ስንገባ መዝጋቢው «የአባወራው ስም?» አለኝ፤ የባሌን ስም ነገርኩት። የእህል መቀበያ ካርዱም በእሱ ስም ወጣ። ከዚያ በኋላ እህል በመጣ ቁጥር «ባለካርዱ ራሱ ይምጣ» ነው። የለም ስል «እንግዲያው የሞት ማስረጃ አምጪ»። ሬሳውን አላየሁ፣ ለቅሶ አልተቀመጥኩ። እንዴት ብዬ ሞቷል ልበል? ትንሹ ልጄ እስከ ዛሬ የሸራው በር በተገለጠ ቁጥር ቀና ብሎ ያያል።

ፍርድ ቤት ሄደሽ አስወስኚ ያሉኝም ነበሩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወሬው 2 ዓመት ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን መጠየቅ ይቻላል። 2 ዓመት እስኪሞላ ልጆቼ ምን ይብሉ? ማመልከቻው የሚቀርበውም እሱ ይኖርበት በነበረው አካባቢ ነው ተባልኩ። ነፍሴን ይዤ ወደ ሸሸሁበት ተመለሺ ማለት እኮ ነው።

በመሃል አንድ ሰው መጣ። «እኔ አባወራ ሆኜ ልቀበልልሽ» አለኝ። በምላሹ የሚፈልገውን እዚህ መጻፍ አልችልም። ሴቶች አንባቢዎቻችሁ ይገባቸዋል።

ዘገባው አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «ስደተኞች» ይለናል። ስደተኛ ድንበር የተሻገረ ሰው ነው። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ የገቡት ሴቶች ስደተኞች ናቸው። ለእነሱ የ1951ዱ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት አለ። በ1969 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት አለ፤ አገራችንም አዋጅ ቁጥር 1110/2011ን አውጥታለች። እኛ ግን ያለነው በገዛ አገራችን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቅልን የገዛ መንግሥታችን ነው። የእኛ ሕግ የካምፓላ ስምምነት ይባላል፤ የአፍሪካ ኅብረት በአገራቸው ውስጥ ለተፈናቀሉ ሰዎች ያወጣው ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጸደቀችው።

ይሄን የነገረችን ሥልጠና ልትሰጥ የመጣች አንዲት የሕግ ባለሙያ ናት። የስምምነቱን አንቀጽ 13 ፎቶኮፒ አድርጋ ሰጠችኝ። ተፈናቃይ ይመዝገብ፣ ማስረጃ ይሰጠው ይላል። ሴትና ወንድ እኩል መብት አላቸው፤ ማስረጃውም በየራሳቸው ስም ይወጣል ይላል። አንቀጽ 9 ደግሞ መንግሥት ተፈናቃዮችን ከአስገድዶ መድፈርና ከወሲባዊ ብዝበዛ እንዲጠብቅ ያዛል። እኔ ሁለቱን አንቀጾች ለይቼ አላያቸውም። ያ ሰውዬ ሊደራደረኝ የደፈረው ካርዱ በስሜ ስላልነበረ ነው።

ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ስንቴ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። በመጨረሻ ካርዱ ላይ የባሌን ስም በእስክሪብቶ ሰርዘው የእኔን ከላይ ጻፉት። «አባወራ» የሚለውን ግን አልሰረዙትም። እሱ የታተመ ነው።

ስሜን ለማስጻፍ ዓመት ፈጀብኝ። እናንተ በአንድ መስመር መልሳችሁ አጠፋችሁት። ጋዜጠኛችሁ እዚያው አጠገባችን ቆሞ ፎቶ ሲያነሳ ማንሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ያነጋገረው አስተባባሪዎቹን ነው፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ዘገባው ስለ ስንዴውና ስለ ዘይቱ ብዙ ይላል። ካርዱ በማን ስም እንደወጣ፣ ባሏ የጠፋባት ምን እንደምትሆን አንድም ቃል የለበትም።

የፎቶውን ጽሑፍ አርሙልን። አማርኛ «እማወራ» የሚል ቃል አለው። ጋዜጠኛችሁም ተመልሶ ይምጣና ከኋላዬ የቆመችውን ያነጋግራት። ወር ገብቶላታል። ካርዷ እስካሁን በባሏ ስም ነው፤ እሱም የት እንዳለ አይታወቅም።

ተፈናቃይ እማወራ
ከደብረ ብርሃን