ትሬለሩን ከመውቀሳችን በፊት ትርጉሙን እንይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደሴ ላይ ፊልም ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ ከአቦል እስከ በረካ የማያልቅ አንድ ክርክር አለ። በጀብዱ ፊልም ትሬለር፣ ማለትም ፊልሙን ለማስተዋወቅ በሚሠራ አጭር ቪዲዮ ላይ ብልጭ ብለው የሚያልፉት መሪ ቃሎች እውነት ናቸው ወይስ አይደሉም? አንዱ ወገን «ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያን በእውነት ሚዛን ማን ይመዝናል?» ይላል። ሌላው «የተጻፈ ቃል ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ከሌለ ውሸት ነው» ብሎ አይነቃነቅም። ይህን የምንጽፍላችሁ የውጭ ፊልም ትሬለር ወደ አማርኛ የምንመልስና የምናቀናብር ሰዎች ነን። ሁለቱም ወገን የዘለለው ነገር ያለ ይመስለናል። ሰው ከሚከራከርባቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ በፊልሙ ባለቤቶች የተሠሩ አይደሉም፤ አማርኛው ላይ የተሠሩ ናቸው።

ደጋግሞ ከሚነሣው፣ የጥንት ቅርስ ፈላጊው ባለ ባርኔጣ ጀግና ከሚታይበት ከኢንዲያና ጆንስ ተከታታይ ፊልም እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሦስተኛው ፊልም መሪ ቃል «ባለ ባርኔጣው ተመልሷል፤ አሁን ደግሞ አባቱን ይዞ መጥቷል» ተብሎ ይተረጎማል። ተከራካሪው «የት ይዞት መጣ? አባትየው እኮ ናዚዎች እጅ ወድቆ ግንብ ውስጥ ታግቷል፤ ልጁ ነው ፍለጋ የሄደው» ይላል። ልክ ነው። እንግሊዝኛው ግን ታሪኩን እየተረከ አይደለም፤ አዲስ ተዋናይ መጨመሩን ለተመልካች እያበሠረ ነው። አባትን የሚጫወተው ሾን ኮነሪ ልጁን ከሚጫወተው ከሃሪሰን ፎርድ የሚበልጠው በ12 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ የሁለቱ አባትና ልጅ መሆን ራሱን የቻለ ወሬ ነበር። አማርኛው «ይዞ መጣ» ሲል የተፈጸመ ድርጊት ያደርገዋል። «አባቱን አስከትሎ» የሚሉም አሉ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው፤ አባት ልጁን ያስከትላል እንጂ ልጅ አባቱን አያስከትልም። «አሁን ደግሞ ከአባቱ ጋር» ቢባል በቂ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለውን ይላል፤ የሌለውን አይጨምርም፤ እንዲያውም ከዋናው ይልቅ ለታሪኩ የቀረበ ይሆናል።

የሁለተኛው ፊልም መሪ ቃል «ጀብዱ ስም ካለው፣ ስሙ ኢንዲያና ጆንስ መሆን አለበት» የሚል ነው። እዚህ ላይ ክርክሩ ስሙ ነው። በሦስተኛው ፊልም መጨረሻ እንደምንሰማው «ኢንዲያና» የቤታቸው ውሻ ስም ነው፤ ሰውየው ሄንሪ ጆንስ ትንሹ ነው። ይሁንና መሪ ቃሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን የውሻው ነገር የተነገረው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በኋላ በመጣ ፊልም የቀደመውን ማስታወቂያ ውሸታም ማለት አይገባም። እኛን የሚያሳስበን ይልቅ «ጀብዱ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ ጀብዱ ይሠራል፣ ይፈጸማል፤ ተሠርቶ ያለቀ የጀግና ተግባር ነው። እንግሊዝኛው የሚለው ግን መጨረሻው የማይታወቅ፣ አደጋ ያለበት ጉዞን ነው። ሌላ የተለመደ ቃል ስለሌለን «ጀብዱ» ብለን እንቀጥላለን፤ ተመልካች ግን በየትዕይንቱ ጀግንነት ጠብቆ ዋናው ሰውዬ ሲሸሽ ቢያይ «ተታለልን» ማለቱ ከዚህ ቃል የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ክርክር ደግሞ ከርእሱ ይጀምራል፤ እንግሊዝኛው በቀጥታ ሲመለስ «የጠፋው ታቦት ዘራፊዎች» ነው። «የጠፋው ታቦት» ሲባል እዚህ አገር ያለ ሰው «ማን ጠፋ አለ? አክሱም ጽዮን አይደለም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። ፊልሙ ታቦቱን ግብጽ፣ ታኒስ ያስቀምጠዋል፤ ምክንያቱም የግብጹ ንጉሥ ሺሻቅ ኢየሩሳሌምን ሲወር ወስዶታል በሚል ግምት ላይ ቆሟል። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 14 ቁጥር 25 እና 26ን የከፈተ ሰው ሺሻቅ የእግዚአብሔርን ቤትና የንጉሡን ቤት መዝገብ፣ የሰሎሞንንም የወርቅ ጋሻዎች መውሰዱን ያነባል፤ ታቦቱ በስም አልተጠቀሰም። ስለዚህ «የጠፋው» የሚለው የፊልሙ ባለቤቶች አቋም ነው፤ ተርጓሚው ሊያስተካክለው አይገባም፣ ተመልካቹም ሊቃወመው መብት አለው።

ተርጓሚው የሚጠየቀው በሌሎቹ ሁለት ቃላት ነው። «ታቦት» ብቻ ከተባለ እኛ ዘንድ በየደብሩ ያለው ጽላት ነው፤ ግሸን፣ ላሊበላ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሁሉም ታቦት አላቸው። ስለዚህ «የቃል ኪዳኑ ታቦት» ወይም «ታቦተ ጽዮን» መባል አለበት። ሁለተኛው ደግሞ «የታቦቱ አዳኞች» የሚለው አተረጓጎም ነው። «አዳኝ» አውሬ የሚያድነውም፣ ነፍስ የሚያድነውም ነው፤ በጽሑፍ አይለይም። እንግሊዝኛው በግልጽ ዘራፊ የሚላቸውን ሰዎች አማርኛው ነፍስ አዳኝ አደረጋቸው ማለት ነው። ይህ ወሎ ላይ ቀላል ስሕተት አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደውን ንብረት ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገው ይነገራል። ታቦቶችም ተወስደዋል፤ 11 ታቦቶች፣ አብዛኞቹ የመቅደላ፣ እስከ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አሉ፤ አንድ የኤዲንብራ ቤተ ክርስቲያን እጁ ላይ የነበረውን በ1994 ዓ.ም. መልሷል። ታቦት ዘራፊ እዚህ አካባቢ የሲኒማ ፈጠራ አይደለምና «ዘራፊ» የሚለው ቃል እንደ ተጻፈ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ዓመተ ምሕረቱ። ከስሕተቶቹ ሁሉ ብዙ ጠብ ያስነሣው ይህ ነው። ፊልሙ ሲከፈት «ደቡብ አሜሪካ፣ 1936» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ቁጥሩ እንዳለ ወደ አማርኛ ሲገባ የእኛ ሰው በእኛ አቆጣጠር ያነበዋል። በእኛ 1936 ማለት እ.ኤ.አ. 1943 መጨረሻና 1944 ነው፤ ያኔ ጣልያን ከኢትዮጵያ ወጥቷል፣ ጀርመንም ኤል አላሜይን ላይ ተሸንፎ ከግብጽ ተባርሯል። ተመልካቹ «ናዚ በዚያ ጊዜ ታኒስ ላይ ምን ሊቆፍር?» ቢል የተሳሳተው እሱ አይደለም፤ ቁጥሩን እንዳለ የገለበጠው ሰው ነው።

ማስላቱ እንዲህ ነው። የፈረንጁ ቀን ከጥር እስከ እኛ እንቁጣጣሽ ድረስ ከዋለ 8 ይቀነሳል፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻቸው ከዋለ 7። ወሩ ካልተጻፈ ደግሞ በትክክል መቀየር አይቻልም። ደሴን ያየ ሰው ይህ ይገባዋል፤ ከተማዋ በጣልያን አውሮፕላን የተደበደበችው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 1935፣ የተያዘችው ደግሞ ሚያዝያ 15 ቀን 1936 ነው። በፈረንጅ ሁለት ዓመት፣ በእኛ ግን ኅዳር 26 እና ሚያዝያ 7፣ ሁለቱም 1928 ዓ.ም.። ሁለተኛው ፊልም የሚጀምረው «ሻንጋይ፣ 1935» ብሎ ነው፤ የመጀመሪያው 1936። ወር የሌላቸውን እነዚህን ቁጥሮች አስልቶ «1927» እና «1928» ብሎ መጻፍ ግምት ነው። እንዳሉ ይቀመጡ፤ ፊታቸው ላይ ግን «እ.ኤ.አ.» ይግባ። ከትሬለሩ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ መጀመሪያ የሚወጣው ይህ ምሕጻር ነው፤ መጨረሻ መውጣት ያለበት እሱ ነበር።

ሁለተኛው የቁጥር ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1993 የታየው የዳይኖሰሮቹ ፊልም፣ ጁራሲክ ፓርክ ነው። መሪ ቃሉን «65 ሚሊዮን ዓመት የፈጀ ፊልም» ብለው የሚያልፉት አሉ። ፊልሙ አልፈጀም፤ ጀብዱው ነው 65 ሚሊዮን ዓመት ሲጠነሰስ የኖረው። ቁጥሩ የዳይኖሰሮቹን መጥፋት ይመለከታል። ያኔ ሳይንሱ 65 ይል ነበር፤ አሁን 66 ይላል፤ ስለዚህ በጊዜው ትክክል ነበር። የሚያስኬድ ክርክር ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቲራኖሰረስ ሬክስ የኖረው በዚያው በመጨረሻው ዘመን አካባቢ ነውና ቁጥሩ ይስማማዋል፤ ረጅም አንገቱ ብራኪዮሰረስ ግን የጁራሲክ ዘመን እንስሳ ነው፤ ከእኛ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይርቃል። ለቁጥሩ ስፋት መለኪያ ለሚፈልግ፣ ያኔ ወሎ ሥር በነበረው ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ 65 ሚሊዮን ውስጥ የእሷ ዕድሜ 20 ጊዜ ይገባል።

«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ስለሚለው አጭር ነገር እንበል። እንግሊዝኛው ሁለት የተለያየ አባባል አለው፤ አንዱ ታሪኩን ይዞ መሄዱን፣ ሌላው ከታሪኩ መነሻ ብቻ መውሰዱን ይናገራል። እኛ ሁለቱንም «የተመሠረተ» እያልን አንድ አድርገናቸዋል። ሁለተኛው «ከእውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደረገ» ይባል።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ እዚህ ይፈጠራል። በትሬለር ላይ አንድ ጽሑፍ ሁለት ሰከንድ ያህል ቢቆይ ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲታሰብ 48 ፍሬም። የኤዲተሮች ልማድ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ የሚነበብበት ጊዜ ይሰጠው ነው። በአማርኛ ከአራት ቃል በላይ ከሆነ ይህ አይሟላም፤ ወይ ይጠር፣ ወይ ለሁለት ይከፈል። ሲከፈል ግን አንድ ወጥመድ አለ። እንግሊዝኛ አሉታውን ቀድሞ ይናገራል፤ አማርኛ መጨረሻ ላይ። «ማንም ሰው» ብሎ አንድ፣ «በሕይወት» ብሎ ሁለት፣ «አልተመለሰም» ብሎ ሦስት ካርድ (ምስሉ ላይ ለየብቻ የሚወጣ ጽሑፍ) የሠራ ሰው፣ ትሬለሩ ለስልክ ሲታጠር ሦስተኛው ከተቆረጠበት አረፍተ ነገሩ ገደል ላይ ይቀራል። ግሡና አሉታው ከአስፈላጊው ቃል ጋር በአንድ ካርድ ላይ ይዋሉ፤ «ማንም / በሕይወት አልተመለሰም»።

ሌላው የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል ነው። የዳይኖሰር ትሬለር ላይ «ሰው ይበላል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሰው በላ እንስሳ መኖሩ ነው? ወይስ ፊደሉ ጠብቆ ሲነበብ ሰው ራሱ ምግብ መሆኑ? ተራኪ ሲያነበው በጆሮ ይለያል፤ ድምፅ የሌለው ካርድ ላይ አይለይም። «ሰውን ይበላል» ማለት አንዲት ፊደል ብቻ ትፈጃለች። በተመሳሳይ «ይመጣል» እና «ይመጣሉ» የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ነው። ቀጭን ፎንት በብርሃናማ ምስል ላይ ከተቀመጠና ቪዲዮው ለስልክ ከተጨመቀ ያቺ ቅጥያ ትጠፋለች፤ ጀግናው አንድ ይሁን ብዙ፣ አንተ ይባል አንቱ፣ አይታወቅም። ወፍራም ፎንት፣ ከሥሩ ጥቁር ጥላ፣ ቁመቱ 1080 በሆነ ምስል ላይ የፊደሉ ቁመት ከ70 ፒክስል የማያንስ፤ ከዚያ በስልክ ላይ በዝቅተኛ ጥራት ከፍቶ ማየት። እንግሊዝኛው ጽሑፍ ምስሉ ላይ ታትሞ ሲመጣ ደግሞ ግማሹን ብቻ በጥቁር ሸፍኖ መተው አይገባም፤ ሁለት ቋንቋ ሲደራረብ አንዱም አይነበብም።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንጠይቀው ይህን ነው። የኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ውጭ ፊልም ሲጽፍ መሪ ቃሉን ከአማርኛው ትሬለር ላይ አንሥቶ አይፍረድበት። መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን አሳብ በሙሉ አረፍተ ነገር ይጻፍልን፤ ቀጥሎ የአማርኛውን ካርድ እንዳለ ያስፍር፤ ፊልሙ የወጣበትንና ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዓመት ለየብቻ፣ ሁለቱንም «እ.ኤ.አ.» ጨምሮ ያስቀምጥ። ሦስቱ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ከታተሙ፣ ስሕተቱ የማን እንደሆነ አንባቢው ራሱ ያያል፤ የኛም ከሆነ እናርማለን።

የትሬለር ተርጓሚዎችና አቀናባሪዎች
ከደሴ