የበር ቁልፍ ደረጃ አመራረጥን ይመለከታል

የተከበራችሁ የሕንፃ አስተዳደር ቡድን አባላት፣

የበር ቁልፎችን ለመቀየር በተዘጋጀንበት በዚህ ወቅት፣ ከዋጋው በፊት ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የደረጃ ቁጥር እንድትመለከቱ ለማሳሰብ እወዳለሁ። ብዙ አቅራቢዎች የሚጠቅሱት አንሲ/ቢኤችኤምኤ የተባለው የአሜሪካ መለኪያ ቁልፎችን በ3 ደረጃዎች ይመድባል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥንካሬው ስለሚጨምር፣ ደረጃ 3ን ከፍተኛው መስሎት የሚገዛ ሰው ዝቅተኛውን ይዞ ይመለሳል።

በዚህ መለኪያ ባለ እጀታ የሲሊንደር ቁልፍ ደረጃ 2 ለመባል 400,000 ጊዜ፣ ደረጃ 3 ለመባል ደግሞ 200,000 ጊዜ ሳይበላሽ መሥራት አለበት፤ ደረጃ 1 ከሁለቱም በእጅጉ ይበልጣል። ቁጥሩ ብዙ ቢመስልም፣ በቀን 600 ጊዜ የሚከፈት ዋና መግቢያ 200,000ውን ዓመት ሳይሞላው ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ ሞላው ይደክምና እጀታው ወደ ታች ያዘነብላል፤ ምላሱም መቃኑ ላይ ካለው ቀዳዳ በግማሽ ብቻ ይገባል። ስለዚህ ለዋና መግቢያ፣ ለፎቅ መወጣጫ በሮችና ለጋራ መጸዳጃ ቤቶች ደረጃ 1 እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ። ለግል ቢሮዎች ደረጃ 2 ይበቃል። ደረጃ 3 ለመኖሪያ ቤት እንጂ ለእኛ ሥራ አይሆንም።

ምርጡም ቁልፍ ቢሆን በላላ መቃን ላይ በአጫጭር ብሎኖች ከተገጠመ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው፤ ገጣሚዎች ይህን ሲዘነጉት ደጋግሜ አይቻለሁ። የአደጋ ጊዜ መውጫ በሮችም ከውስጥ በኩል መክፈቻ ሳያስፈልግ በአንድ እንቅስቃሴ የሚከፈቱ መሆናቸውን ሳታረጋግጡ የግዢ ትእዛዝ እንዳትፈርሙ አደራ እላለሁ።